የባዬ አንድ ብር

እስቲ ጸጥታ! ደበሌ፣ ሥጋው እግር የለውም፣ የትም አይሄድብህም፤ ተቀመጥ። ሾፌሮች፣ እዚያ ጥግ ያላችሁ፣ ጠርሙሱን አስቀምጡና ወደዚህ ዙሩ።

ጓድ ደረሰ የጣቢያችን ኃላፊ፣ እትዬ ፀሐይ የዛሬው ተሸኚያችን ባለቤት፣ የሥራ ባልደረቦቼ በሙሉ! እኔን ታቢታን «ንግግሩን አንቺ አድርጊ» ያላችሁኝ ምላሴ ስለሚጣፍጥ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚህ በትራክተር ጥገና ጣቢያ ውስጥ ታይፕ የምመታው እኔ ብቻ ስለሆንኩ፣ ንግግሩ በነፃ ይታተማል ብላችሁ ነው። ልክ ናችሁ፣ በነፃ ታትሟል። ወረቀቱም ያገለገለ ነው፤ ጀርባው ላይ የ1974 የናፍጣ ወጪ አለ። ጋሽ ሸዋንግዛውን ስሸኝ አዲስ ወረቀት ባበላሽ ከወንበራቸው ተነስተው ይቀሙኝ ነበር።

የመጡበትን ቀን ላስታውሳችሁ። ጥቅምት 1967 ነው። እኔ ከተቀጠርኩ ገና ሦስት ሳምንቴ ነበር፤ የጽሕፈት መኪናው ላይ «ጀ» የት እንዳለች እየፈለግሁ ነው። በዚያ ሰሞን ክራባት ያሰረ፣ ጥቁር መዝገብ በብብቱ የሸጎጠ ሰው ግቢ ሲገባ «መርማሪ መጣ» ተብሎ ሰው እንዴት እንደሚበተን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። የያኔው ኃላፊያችን በመስኮት አየና ጎማ መጋዘን ገባ። እስከ ምሳ ሰዓት አልወጣም። ጓድ ደረሰ፣ ይቺን በቃለ ጉባኤ አይያዙብኝ።

በር ላይ ግን የነበሩት ጥበቃችን ጋሽ ባዬ ናቸው። ጋሽ ባዬ ደግሞ ማንንም አይፈሩም።

«ማንን ፈልገው ነው?» አሏቸው።

«ከደብረ ብርሃን ተዛውሬ ነው። ደመወዝ ከፋይ ነኝ።»

«ደመወዝ ከፋይ! ታዲያ ምን ያቆምዎታል? ይግቡ እንጂ!»

መግባት አልቻሉም። ባለጋሪው ኮታቸውን ይዟል። ከመናኸሪያ ድረስ ሁለት ሳጥንና አንድ ፍራሽ ጭኖ መጥቶ አንድ ብሩን ይጠብቃል። ጋሽ ሸዋንግዛው ከውስጥ ኪሳቸው መቶ ብር አወጡ። ባለጋሪው መቶ ብሩን አየው። ፈረሱም ዞር ብሎ አየው።

«ጌታዬ፣ እኔ ዝርዝር ከየት አመጣለሁ?»

«ብታመጣም አላዘረዝርም» አሉት። «መቶ ብር አንዴ ከተዘረዘረ አለቀለት።»

ታዲያ ማን ይክፈል? ጋሽ ባዬ ከካፖርታቸው ኪስ አንድ ብር አውጥተው ለባለጋሪው ሰጡት። «ከደመወዝ ከፋይ ጋር ከመጣላት አንድ ብር ቢወጣ ይሻላል ብዬ ነው» ይላሉ እስከ ዛሬ። እንግዲህ ይሄን ያዙልኝ። ስለ ዕዳ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሯችንን ያደነቆሩት ሰው ወደዚህ ግቢ የገቡት በብድር ነው!

መቶ ብሩማ አልተዘረዘረም። በ1969 የብር ኖቱ ሲቀየር ብቻ የግዳቸውን ባንክ ወስደው በአዲስ መቶ ብር ቀየሩት። እትዬ ፀሐይ እንደነገሩኝ ያን ቀን እራት አልበሉም።

አንድ ብሯንስ መለሱ? ይሄን የማያውቅ ሰው በመሐላችን ካለ ትናንት የተቀጠረ ነው። የመጀመሪያው ወር ደመወዝ ሲከፈል አንድ ብር ይዘው በር ድረስ ሄዱ።

«ጋሽ ባዬ፣ ዕዳዎን።»

«ይቆይ።»

«እንዴት ይቆያል? ዕዳ እኮ ነው!»

«እኔ አልቸኮልኩም።»

በሁለተኛው ወርም «ይቆይ»። በሦስተኛውም «ይቆይ»። ጋሽ ባዬን ሮማን ሻይ ቤት ይዘን ስንጠይቃቸው፣ «ሰውዬው አገሩን ሁሉ ስለ ዕዳ ይቆጣሉ። እኔን ሊቆጡ ሲመጡ ግን ብሬን አስታውሳቸዋለሁ» አሉን። እኛም ሳቅንና አመንን።

አሁን ወደ ደመወዝ ቀን ልምጣ። ሌላ መሥሪያ ቤት ፔሮሉ ላይ ትፈርማለህ፣ ብርህን ይዘህ ትሄዳለህ። እኛ ጋ ፈተና አለ። ከደመወዝ መክፈያዋ መስኮት ቀዳዳ መጀመሪያ መነጽሩ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጥያቄው።

«ደበሌ፣ ወጪ ስንት ዓይነት ነው?»

«ሁለት። ቋሚ ወጪና ተለዋዋጭ ወጪ።»

«ለቋሚ ወጪ ምሳሌ ስጥ።»

«የሮማን ጥብስ።»

«አንተ ልጅ! ቋሚው የቤት ኪራይ ነው። ጥብስ ተለዋዋጭ ነው፣ ሲያጥርህ ትተወዋለህ።»

«ጋሼ፣ የቤት ኪራዩን ሦስት ወር ትቼው አውቃለሁ። የሮማንን ጥብስ ግን አንድ ቀን ትቼው አላውቅም። ታዲያ ቋሚው የቱ ነው?»

ጋሽ ሸዋንግዛው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። እዩዋቸው፣ አሁንም እየጠረጉ ነው!

የእኔን የመጀመሪያ ደመወዝ የከፈሉኝም እሳቸው ናቸው። እናቴ ይርጋለም ላለ ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ታቢታ በመቶ ስምንት ብር ገባች» ብላ አዳርሳለች። መስኮቷ ላይ ስቆጥረው ዘጠና ሰባት ነው። ደግሜ ቆጠርኩት። ያው ነው። «አጉድለውብኛል» አልኩ፣ እንባዬ እየመጣ።

«ምንም አልጎደለም። መቶ ስምንቱ ጠቅላላ ገቢ ነው። ግብሩ፣ ጡረታው፣ መዋጮው ሲነሳለት የተጣራ ገቢ ይሆናል።»

«ልዩነቱ ምንድን ነው?»

«ጠቅላላው እናትሽ የምታወራው ነው። የተጣራው አንቺ የምትበዪው ነው።»

«ጡረታስ ለምን ይቆረጥብኛል? እኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው!»

«ለአንዲት አሮጊት በየወሩ እየላክሽላት ነው።»

«የምን አሮጊት?»

«ከሠላሳ ስድስት ዓመት በኋላ የምትሆኚዋ።»

ተናድጄ ነበር የወጣሁት። አሮጊቷን አላውቃት! ዛሬ ግን በየወሩ ስፈርም አስባታለሁ፤ እንኳን ላክሁላት እላለሁ።

ቁጠባቸውን እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? እኔና እሳቸው የተጣላነው በካርቦን ወረቀት ነው። የጣልኩትን ካርቦን ከቅርጫቴ አውጥተው ወደ ፀሐይ ብርሃን ያነሡታል፣ በአንድ ዓይን ያዩታል፣ «ይቺ ገና ሁለት ደብዳቤ አላት» ብለው ይመልሱልኛል። በዚያ ካርቦን የመታሁት ኮፒ ደግሞ ምንም አይታይበትም። የእርሻ ቢሮ «ባዶ ወረቀት ስለላካችሁልን እናመሰግናለን» ብሎ ጽፎልናል። ደብዳቤው ፋይል ላይ አለ።

ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል ዓሣ ሊገዙ የሚወርዱት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው፣ ዋጋው ሲወድቅ። አንድ ቀን አብሬያቸው ወርጃለሁ። በአምስት ሳንቲም ላይ እስኪመሽ ተከራከሩ። ዓሣ ሻጩ በመጨረሻ ተንበረከከ ማለት ይቻላል። «ጋሼ፣ ልጆቼ እየጠበቁኝ ነው። በነፃ ይውሰዱት፣ ብቻ ልሂድ!»

እሳቸው ምን አሉ? «በነፃ አልወስድም። ስጦታም ገቢ ነው፣ መመዝገብ አለበት። አምስት ሳንቲሟን ቀንስልኝ።»

የማኅበሩን ነገር ደግሞ ሳላነሳ አላልፍም። የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበራችንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው፤ ደንቡን የጻፉት እሳቸው፣ ታይፕ የመታሁት እኔ። መዝገቡን የምትይዘው ባለሻይ ቤቷ ሮማን ናት፤ የዱቤ ደብተሯ ተሳስቶ ስለማያውቅ የማኅበሩንም ሰጧት። ደንቡ «አንድ አባል የቆጠበውን ሦስት እጥፍ መበደር ይችላል» ይላል። ይቺን ደበሌ ሰማ።

ደበሌ ምን አደረገ? ለመቆጠብ ተበደረ! ከሮማን ሠላሳ ብር ተበድሮ ማኅበሩ ውስጥ ቆጠበ። በሠላሳው ቁጠባ ዘጠና ብር ተበደረ። ከዘጠናው ሠላሳውን ለሮማን መለሰ፣ በስልሳው አሮጌ ሬዲዮ ገዛ። በወሩ መጨረሻ የማኅበሩን ክፍያ ሲከፍል የሚበላው አጣና እንደገና ከሮማን ተበደረ። ጋሽ ሸዋንግዛው ጠርተው ፊት ለፊታቸው አስቀመጡት።

«ደበሌ፣ ሬዲዮው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«የተቆጠበው ሠላሳ ብርስ?»

«የእኔ።»

«ዕዳውስ የማን ነው?»

ደበሌ አሰበ፣ አሰበ፣ «እሱ የማኅበሩ ነው» አለ።

ሳቁ፣ ሳቁ! ግን እኛስ ከደበሌ በምን እንሻላለን? ደንቡ ሌላም ነገር ይላል። ተበዳሪ ዋስ ያቅርብ፣ ዋሱም ራሱ ማኅበሩ ውስጥ ዕዳ የሌለበት ይሁን። ዋስ ፍለጋ ስንተራመስ፣ ካለነው ሠላሳ ስምንት ሰዎች ውስጥ ዕዳ የሌለባቸው ሁሉ አንድ በአንድ ተበዳሪ ሆኑና አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሠላሳ አንዳችን በየተራ ወደዚያች መስኮት ሄድን። እሳቸው ስለ ብድር ግማሽ ሰዓት ይናገራሉ። ወለድ ምን እንደሆነ ያስረዳሉ። «ይሄ የሚያስፈልግህ ነው ወይስ ያማረህ?» ብለው ያፋጥጣሉ። በመጨረሻ እያጉረመረሙ ይፈርማሉ።

እኔ ግን አልተፋጠጥኩም። በ1975 እናቴ ታማ ይርጋለም ሆስፒታል መተኛት ነበረባት። ሁለት መቶ ብር ያስፈልገኛል። ቅጹን ይዤ መስኮቷ ላይ ስቆም «ዋስ ምንድን ነው?» ሊሉኝ ነው ብዬ መልሱን በቃሌ አጥንቼ ነበር። ፊቴን አዩኝ፤ ብዕራቸውን አወጡና ፈረሙ።

«ትርጉሙን ሌላ ቀን እጠይቅሻለሁ። አሁን ሂጂ፣ መኪና እንዳያመልጥሽ» አሉኝ።

እናቴ ዛሬም አለች፤ ዛሬም ደመወዜን ጠቅላላውን ነው የምታወራው።

እንግዲህ ከአራት ወር በፊት የጡረታቸው ደብዳቤ መጣ። ጡረታ ለመውጣት ክሊራንስ ያስፈልጋል፤ ከየክፍሉ «ዕዳ የለበትም» የሚል ፊርማ ማለት ነው። ያ ወረቀት ካልተሟላ የጡረታ አበል አይታሰብም። መጋዘኑ ፈረመ፣ ጋራዡ ፈረመ። ማኅበሩ ጋ ሲደረስ አንቀጽ አሥራ አራት ብቅ አለች። «ዋስ የሆነ አባል፣ ዋስ የሆነላቸው ሰዎች ዕዳቸውን ከፍለው ሳይጨርሱ ሊሰናበት አይችልም።» ማን ጻፋት? እሳቸው! ያኔ ስመታት ከኋላዬ ቆመው «ይቺ ጠንካራ አንቀጽ ናት» ብለውኝ ነበር። እውነትም ጠንካራ ናት፣ የጻፏትን ራሳቸውን ያዘቻቸው።

አንድ ጠዋት በእጃቸው የጻፉትን ደብዳቤ አምጥተው «በሁለት ኮፒ» አሉኝ። መምታት ጀመርኩ። «የሠላሳ አንዱ ሠራተኞች ቀሪ ዕዳ፣ ብር 2,860፣ ከግል ቁጠባዬ ተከፍሎ እንድሰናበት» ይላል።

እትዬ ፀሐይ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ያ ቁጠባ ለምን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ታቦር ተራራ ሥር ላለው ቤታችሁ ቆርቆሮ ነው። በክረምት ዘጠኝ ባልዲ ከዘጠኝ ቀዳዳ ሥር እንደሚቀመጥ እሳቸው ራሳቸው «የዝናብ ገቢ» እያሉ ያወሩን ነበር። አሥራ ሁለት ዓመት በካርቦንና በአምስት ሳንቲም የተጠራቀመ ጣሪያ ነው እኛ ልንበላው የነበረው።

ደብዳቤውን መታሁት። ግን አልላክሁትም። መሳቢያዬ ውስጥ ነው ያለው። ጓድ ደረሰ፣ የመንግሥት ሥራ አጓትቻለሁ፤ ሰኞ ይጠይቁኝ።

በዚያው ቀን ሮማን ሻይ ቤት ተሰበሰብን። ደብዳቤውን አነበብኩላቸው። ማንም አልሳቀም። መጀመሪያ የተነሳው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ? ደበሌ ነው። «ሬዲዮዋ ትሸጥ» አለ። ከዚያ ሾፌሮቹ ሲጋራቸውን በግማሽ ቀነሱ። ሮማን «ዱቤ የለም» ብላ ግድግዳው ላይ ለጠፈች፤ በራሷ ገበያ ላይ ማለት ነው! እኔ ፒያሳ ያየኋትን ቀይ ጫማ ደህና ሰንብቺ አልኳት። ሰው ሁሉ በሲሚንቶ ከረጢት ላይ መስመር አስምሮ ገቢ፣ ወጪ፣ ቁጠባ እያለ በጀት ሲያወጣ ብታዩ ኖሮ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው! ደበሌ ጥብሱን በሳምንት አንድ ቀን አደረገና «አሁን ተለዋዋጭ ሆነልኝ» አለን።

እሳቸው ምንም አላወቁም። አንድ ቀን አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«ታቢታ፣ ሰው ምን ሆነ? ስንት ጊዜ ሆነ፣ አንድም ሰው ብድር ፈልጎ አልመጣም። ያስቀየምኩት ሰው አለ?»

«እኔ እንጃ ጋሼ» አልኩና ታይፔን ቀጠልኩ። ምን እንደምመታ እኔም አላውቅም ነበር። ያን ወረቀት አንስተው ጀርባው ንጹሕ ስለሆነ ይዘውት ሄዱ።

ባለፈው ሐሙስ ሮማን የመጨረሻውን ሰው ስም ሰረዘች። ማኅበሩ ዘንድ እርስዎ ዋስ የሆኑለት ሰው ሁሉ ዕዳ ዜሮ ነው። ቁጠባዎ እንዳለ አለ። ጣሪያዎን ይሥሩ።

ጋሽ ሸዋንግዛው፣ አሁን መነጽርዎን ያድርጉና ይስሙኝ። ያልጠየቁኝን ጥያቄ ልመልስ። ዋስ ማለት የራሱ ቤት እያፈሰሰ ለሰው ዕዳ የሚፈርም ሰው ነው። ልክ ነኝ? እኛ የማንረባ ተማሪዎች ነበርን። እርስዎ ግን አንድ ቀን አልሰለቹንም። ብር ሲከፍሉን ብሩን ብቻ አልሰጡንም፤ እንዴት አድርገን እንደምንይዘውም ነገሩን፣ በማናዳምጥበት ጊዜም ነገሩን። እኔ በግሌ የእናቴን ዕድሜ ከእርስዎ ፊርማ ለይቼ አላየውም። በጣም እንወድዎታለን። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ቆይ፣ ቆይ፣ አታጨብጭቡ፣ አላለቀም! አንዲት ፊርማ ቀርታለች። የጥበቃ ክፍል።

ትናንት ቅጹን ይዤ ወደ በሩ ሄድኩ። ጋሽ ባዬ ተቀብለው አነበቡት። አነበቡት ነው ያልኩት! መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ በዚህችው አዳራሽ ማታ ማታ ያስተማሯቸው ጋሽ ሸዋንግዛው ናቸው። ፔሮሉ ላይ አውራ ጣታቸውን ያትሙ የነበሩት ሰውዬ በ1972 ለመጀመሪያ ጊዜ ስማቸውን ሲጽፉ፣ ጋሽ ሸዋንግዛው «ደግ ነው፣ የቀለም ወጪ ቀነሰ» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ አይቻለሁ።

እና ጋሽ ባዬ ቅጹን አንብበው መለሱልኝ።

«አልፈርምም። ዕዳ የለበትም ይላል። አንድ ብር አለባቸው።»

«ጋሽ ባዬ! አሥራ ሁለት ዓመት፣ መቶ አርባ አራት ጊዜ አምጥተውልዎት እምቢ ያሉት እርስዎ ነዎት። ዛሬ ይቀበሏቸው!»

«አልቀበልም።»

«ለምን?»

የበሩን ብረት ይዘው እንዲህ አሉኝ። «ልጄ፣ ደመወዝ ከፋይ ከዘበኛ ጋር ምን ጉዳይ አለው? ያቺ ብር ስላለች ግን በየወሩ ይመጣሉ። ቆመን ትንሽ እናወራለን። የተቀበልኳት ቀን ምን ብለው ይመጣሉ?»

በመጨረሻ እንዲህ አደረግን። ወደ ጡረታ መሥሪያ ቤት የሚሄደውን ቅጽ ፈረሙልኝ፤ «አንድ ብሯ ለመንግሥት ምን ያደርግለታል» ብለው ነው። ሁለተኛውን ኮፒ ግን ወስደው፣ በራሳቸው እጅ፣ በእርሳስ፣ ግማሽ ሰዓት ፈጅተው ጻፉበት። ይኸው። ስጦታዎ ይሄ ነው፣ ጋሽ ሸዋንግዛው፤ ፍሬም ተደርጎለታል። ጎበጥ ጎበጥ ካለው ፊደል ላይ ላንብብልዎት።

«አቶ ሸዋንግዛው የማንም ዕዳ የለባቸውም። የእኔ አንድ ብር ግን አለባቸው። ጡረታቸውን የተቀበሉ ዕለት በየወሩ በዚህ በር እየመጡ ይጠይቁኝ። ባዬ።»

በሉ ተነሱ! ብርጭቆ ያላችሁ ብርጭቆ፣ ጠርሙስ ያላችሁ ጠርሙስ፣ እኔም ሚሪንዳዬን ይዣለሁ። ለማያፈስ ጣሪያ! ከእንግዲህ በጋሼ ጥያቄ ለሚፈተነው ምስኪን ጡረታ ከፋይ! ለእትዬ ፀሐይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈተናው ወደ ቤት ስለሚዛወር ብርታቱን ይስጥዎት! ለጋሽ ሸዋንግዛው ረጅም ዕድሜና ሙሉ ጤና፣ ጠቅላላውም የተጣራውም!

ጋሼ! ጋሽ ሸዋንግዛው! አይቼዎታለሁ፣ እጅዎን ከኪስዎ ያውጡ። ጋሽ ባዬ ዛሬ አይቀበሉዎትም። ጡረታዎን ሲቀበሉ በኅዳር ይምጡ።